አዲስ ሞተር በዝግታ ይሟሽ ወይስ ይገረፍ?

ጠያቂው፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ዕቁብ ወጥቶለት አዲስ ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል ገዝቷል። ደብረ ብርሃንና አንኮበር መካከል ሰውና ዕቃ ሊያመላልስበት ነው። ሻጩ «1000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር እንዳታልፍ፣ ሰውም እንዳትጭን» ብሎታል። ጓደኞቹ ደግሞ «ከመጀመሪያው ቀን ግረፈው፣ ካልተገረፈ ጉልበት አያወጣም» ይሉታል። የዕቁቡ መዋጮ ገና አላለቀም፤ ሞተሩ ቆሞ ሊውል አይችልም። ማንን ይስማ?

መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን
ሻጩን ይስማ። አዲስ ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ፣ ውስጡ ለስላሳ ይመስላል እንጂ በፋብሪካ ሆን ተብሎ የተጫረ ነው። እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ዘይት የሚይዙት እነሱ ናቸው። የፒስተኑ ፋሻ፣ ማለትም ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት፣ ከዚያ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ቦታውን ይይዛል። ሲፋተግ ሙቀት ይበዛል፣ የብረት ብናኝም ዘይቱ ውስጥ ይገባል። በዚህ ሰዓት ሞተሩን ካስጮኸው ግድግዳው ይቧጠጣል። ዘይት እያቃጠለ ሰማያዊ ጭስ እያወጣ የሚመጣልኝ ሞተር ብዙ ነው፤ ገና ዓመት ያልሞላውም አለበት።

ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው ምንድን ነው? የራሱ የመለጠጥ ኃይል ትንሽ ነው። ዋናው ከላይ የሚቃጠለው ጋዝ ግፊት ነው፤ ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ነዳጅ ካልሰጡት ግፊት ከየት ይመጣል? ግፊት ካነሰ ፋሻው በቅጡ አይገጥምም። መስመሮቹ በተቃጠለ ዘይት ይሸፈኑና ግድግዳው ይለሰልሳል። ከዚያ ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ ዘይት ሲበላ ይኖራል። ለዚህ ነው ሲለምኑት የከረሙት ሞተር ኋላ ዳገት የሚያቅተው።

መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን
የግፊቱን ነገር እውነት ብለሃል ልጄ፣ አልክድም። ግን ነዳጅ መስጠትና ማስጮህ አንድ አይደሉም። በመካከለኛ ፍጥነት ሞቅ አድርገህ ሰጥተህ መልሰህ ትለቀዋለህ። ስትሰጠው ግፊቱ ፋሻውን ይገፋዋል፤ ስትለቀው ዘይት ወደ ላይ ይሳባል፣ ግድግዳው ይታጠባል። እስከ ጥግ ይዞ ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። የሆንዳን መመሪያ አንብብ። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ነዳጅ እስከ ጥግ ሰጥተህ አትነሳ፣ ድንገት አታፍጥን፣ በኃይል ፍሬን አትያዝ ይላል። ፍሬኑም ጎማውም አዲስ ነዋ!

ጠያቂው፣ ደብረ ብርሃን
ሁለታችሁም ስለ ፍጥነት ነው የምታወሩት። እኔ ግን እኛ አገር ሞተር የሚገድለው ፍጥነት አይመስለኝም። ዳገት ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተሩም ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ሰዉ ይህን በማርሽ አያካክስም። ሁለት ሰው ከኋላ ጭኖ፣ በትልቅ ማርሽ፣ ነዳጁን ጥግ ድረስ ይዞ ይወጣል። ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይጮህም፤ ስለዚህ ነጂው የተጠነቀቀ ይመስለዋል። የጣርማበርን ዳገት አስቡት። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጋ እስክትደርሱ ከ1700 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከፊት የተጫነ ሲኖትራክ አለ፣ ማለፍ አይቻልም። ይሄ ሞተር የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ እየተሳበ ሲሄድ ነፋስ የለም። ታዲያ በዚያ ሰዓት የፍጥነቱ ቆጣሪ 30 ማሳየቱ ምን ይጠቅመዋል?

ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት
ይሄ ልክ ነው። ያንን ዳገት ጠዋትና ማታ አውቀዋለሁ። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ሳያስጨንቁ ከፍ ባለ ዙር ማስወጣት ይሻላል። ድምፁ ከፍ ይላል እንጂ ጭንቀቱ ይቀንሳል። «ከ45 አትለፍ» የሚለውን ብቻ የያዘ ልጅ ይህን አያደርግም፤ ድምፁ ያስደነግጠዋል።

ዕቃ መለዋወጫ ነጋዴ፣ ሸኖ
ዘይቱን ረሳችሁት። ያ የብረት ብናኝ የሚወጣው ዘይቱ ሲቀየር ነው። ያማሃ ዘይትና ፊልትሮ በ1000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይላል፤ ቀድመው 500 ላይ የሚቀይሩም አሉ፣ እኔ እነሱን እደግፋለሁ። ሌላው፣ እባካችሁ የመኪና ዘይት አትጨምሩበት። የሞተር ሳይክሉ ፍሪሲዮን፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል፣ የሚሠራው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። የመኪና ዘይት የሚያንሸራትት ቅመም ሊኖረው ይችላል፣ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ዘይቱ እንዲህ ላለ ፍሪሲዮን እንደሚስማማ የሚያሳይ ነው።

የግብርና ባለሙያ፣ መሐል ሜዳ
የግል ሞተርስ ባለቤት አለው። የመሥሪያ ቤቱን ማን ያሟሸዋል? አዲስ ዶቅዶቄ ሲመጣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ይነዳዋል። ዛሬ አንዱ ቀበሌ ይወስደዋል፣ ነገ ሌላው ሁለት ሰው ጭኖበት ይወጣል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ የሚጽፍ የለም። የመጀመሪያው የዘይት ቅያሪ ሲደርስ የግዥ ወረቀት ይጠበቃል፤ ወረቀቱ ሲመጣ ቆጣሪው ከ2000 አልፏል። ከዚያ ሞተሩ ይቆምና ገበሬው ጋ የሚሄድ ባለሙያ ይጠፋል። እኔ የምለው፣ 1000 እስኪሞላ ሞተሩ በአንድ ሰው ስም ይፈረም፣ የመጀመሪያው ዘይትም ከሞተሩ ጋር አብሮ ይገዛ። ይሄ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት
የመሥሪያ ቤቱን እደግፋለሁ። ግን ለድሃ ልጅ 1000 ኪሎ ሜትር በባዶ ንዳ ማለት ከባድ ነው። በምን ይብላ?

ጠያቂው፣ ደብረ ብርሃን
አስልቼዋለሁ። አንኮበር ደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን አንዴ ከተመላለሰ 500 በሳምንት ይሞላል፣ 1000 ደግሞ በሁለት ሳምንት። እስከ 500 ብቻውን ይሂድ፣ ቀላል ዕቃ ይያዝ። ከዚያ አንድ ሰው ይጫን። ሁለት ሰው ከ1000 በኋላ። ይህን ዕቁቡም ይችለዋል።

መካኒክ፣ ደብረ ብርሃን
ጥሩ ነው። ጠዋት ውርጭ ሲኖር አስነስቶ ወዲያው ዳገት እንዳይጀምር ንገረው። ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይሰጡት፣ አቁሞ ማሞቅም አይጠቅምም። ትንሽ ይጠብቅና ሜዳው ላይ በቀስታ እየነዳ ያሙቀው። የፍጥነቱን ልክ ግን እኔ ሳልሆን ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ ይንገረው፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ሞተረኛ፣ ሸዋ ሮቢት
በ45ቱ አሁንም አልተስማማሁም ጋሼ። ሜዳ ላይ አልፎ አልፎ 60 ቢነካ ይጠቅመዋል እላለሁ። በሸክሙና በዘይቱ ግን እጄን ሰጥቻለሁ።

ጠያቂው፣ ደብረ ብርሃን
ነገ መመሪያውን አብረን እናነባለን። ዘይቱን ከሸኖ ገዝተን ቤት እናስቀምጣለን፣ 500 ሲሞላ ይቀየራል። የመሐል ሜዳዋ እህታችን ያነሳችው የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ግን አልተመለሰም። በየወረዳው የንብረት ክፍል የምትሠሩ ካላችሁ እናንተ መልሱላት።