የዲዝኒ ኮሌጅ ፕሮግራም ገብቶ በአራት ዓመት መመረቅ ይቻላል?

ሦስተኛ_ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፍሎሪዳ ያለው መዝናኛ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚሰጠውን፣ ተማሪ እዚያው እየኖረ በደሞዝ የሚሠራበትን የኮሌጅ ፕሮግራም ለፎል አግኝቻለሁ፤ ከኦገስት እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ሜጀሬ (ዋና የትምህርት ዘርፌ) ባዮሎጂ ነው። ለምረቃ ከሚያስፈልገኝ 120 ክሬዲት 60ውን ጨርሻለሁ፣ ትምህርት ቤቴ ሌላ ስቴት ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል ድጎማና የትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ አለኝ፣ የፌዴራል ሎንም ወስጃለሁ። ፎል ላይ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አንድ ይጠብቀኛል። ያሰብኩት እየሠራሁ 12 ክሬዲት ኦንላይን መውሰድ ነው። ያስኬዳል? ኦፈሩን ከመቀበሌ በፊት ምን ምን ላጣራ?

የዲግሪ_ኦዲት፦
እህቴ፣ የክሬዲቱን ብዛት ለጊዜው ተይውና የኮርሶቹን ሰንሰለት እዪ። በአንድ ሴሜስተር የጎደለ 9 ክሬዲት በሰመር ይካካሳል። ምረቃን ዓመት ሙሉ የሚገፋው በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት ኮርስ ሲያመልጥ ነው። ባዮሎጂ ላይ ደግሞ ሰንሰለቱ የታወቀ ነው፦ ኦርጋኒክ አንድ ፎል፣ ኦርጋኒክ ሁለት ስፕሪንግ፣ ባዮኬሚስትሪ በቀጣዩ ፎል። ኦርጋኒክ አንድ አሁን ካለፈሽ ባዮኬሚስትሪ የሚደርስሽ አብረውሽ የገቡት ከተመረቁ በኋላ ነው።

ስለዚህ የዲግሪ ኦዲትሽን (የወሰድሽውንና የቀረሽን ኮርስ የሚያሳየውን ዝርዝር) አውርጂና የቀሩሽን ኮርሶች አንድ ገጽ ላይ ጻፊ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ቅድመ ሁኔታውንና የሚሰጥበትን ሴሜስተር አስፍሪ። ካታሎጉ ላይ «ፎልና ስፕሪንግ» የሚለውን አትመኚ፤ ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት የክፍል ፕሮግራም ከሬጅስትራሩ ገጽ ካየሽ በትክክል መቼ መቼ እንደተከፈተ ታውቂያለሽ።

መውጫው ሰመር ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ኦርጋኒክ አንድንና ሁለትን በሰመር ተከታትለው ያስጨርሳሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አምስት ስድስት ሳምንት። ከባድ ነው፤ በዚያ ሰመር ሌላ ነገር አይታሰብም። ሁለተኛው ዙር ኦገስት ውስጥ ስለሚያልቅ ዲዝኒ የምትገቢበትን ቀን ስትመርጪ የመጨረሻውን ፈተና ቀን ከፊትሽ አድርጊ። ሰመሩን ሌላ ኮሌጅ የምትወስጂ ከሆነ እንደሚቆጠርልሽ ሳትመዘገቢ በጽሑፍ አስፈቅጂ፤ ላቡ የራሱ ኮድ ካለው እሱንም ጨምረሽ። ከሲ በታች የሆነ ግሬድ አብዛኛውን ጊዜ አይሻገርም። የመጨረሻዎቹ 30 ክሬዲቶች እኛው ዘንድ ይወሰዱ የሚል ደንብም የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የውጭ ኮርስ ለአራተኛ ዓመት አታስተርፊ።

ከዚያ ሂሳቡ ቀላል ነው። የቀረሽ 60 ነው፤ ሰመር ላይ ሁለቱ ኦርጋኒኮች ከላባቸው ጋር 8፣ ፎል ከሥራው ጋር 6። የተረፈው 46 ለሦስት ሴሜስተር 16፣ 15 እና 15 ሆኖ ይከፈላል። ማንንም ኦቨርሎድ (ከተፈቀደው በላይ ክሬዲት) ሳታስፈቅጂ ጨረስሽ ማለት ነው።

ሺፍት_ለዋጭ፦
12 ክሬዲት አይሆንም። አንድ ክሬዲት ክፍሉም ጥናቱም ተደምሮ በሳምንት ሦስት ሰዓት ያህል ተብሎ ይሰላል፤ 12ቱ 36 ሰዓት ሆነ። ሥራው 40፣ መንገዱ 8 ብትዪው በሳምንት 84 ሰዓት ነው። በ6 ክሬዲት ወደ 66 ይወርዳል። እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን ሰው ይችለዋል።

መንገዱን አትናቂው። መኖሪያው ፍላሚንጎ ክሮሲንግስ ቪሌጅ ከዲዝኒ ይዞታ በስተምዕራብ ነው። አኒማል ኪንግደም ይቀርበዋል፤ ዲዝኒ ስፕሪንግስ ግን በሌላኛው ጫፍ ነው። አውቶቡስ መጠበቁ፣ ዩኒፎርም መቀየሩ፣ ከመልበሻ ክፍሉ እስከ ሥራ ቦታው መሄዱ ሁሉ ከጥናትሽ ሰዓት ላይ ነው የሚቀነሰው።

የኦንላይን ኮርስ ስትመርጪ ሁለት ዓይነት መኖሩን አትርሺ። ሰዓት ተቆርጦለት በዙም የሚሰጠው አይሆንሽም፤ ሺፍትሽ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ ፕሮግራሙም ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ማታና በዓል ሳትዪ ክፍት እንድትሆኚ ነው የሚፈልገው። በራስሽ ሰዓት የምትከታተዪውን ያዢ። እሱም ቢሆን ፈተናው ላይ ያስቸግራል። ከመመዝገብሽ በፊት ለፕሮፌሰሩ ኢሜይል ጽፈሽ ሲላበሱን (የኮርሱን ዕቅድ) ጠይቂ፤ ፈተናው በካሜራ የሚጠበቅና ሰዓቱ የተቆረጠ ከሆነ ተይው፣ ሁለት ሦስት ቀን ክፍት የሚቆይ ከሆነ ግቢበት። የአብዛኛው አሳይንመንት ማስረከቢያ ደግሞ እሑድ እኩለ ሌሊት ነው፤ ፓርኩ የሚጨናነቀውም ሺፍት የሚረዝመውም ቅዳሜና እሑድ። የራስሽን ቀነ ገደብ ሐሙስ አድርጊው።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ሴሜስተሩ ሁለት መልክ እንዳለው ነው። ሴፕቴምበር ፓርኮቹ ጭር የሚሉበት ወር ነው፣ የሥራ ሰዓትም ይቀንሳል። ከታንክስጊቪንግ እስከ አዲስ ዓመት ግን ቀንና ሌሊቱ አይለይም፤ የአንቺ ፋይናል የሚወድቀውም እዚያው መሃል፣ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ኮርሶች አንዱን በመጀመሪያው ስምንት ሳምንት የሚያልቅ አድርጊው፣ ሌላውን ሙሉ ሴሜስተር የሚሄድ። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ በሳምንት 27 ሰዓት ያህል ታጠኛለሽ፣ ከዚያ በኋላ 9 ብቻ ይቀርሻል። ሁለቱንም የስምንት ሳምንት ካደረግሻቸው ግን ጭነቱ እጥፍ ስለሚሆን ያው 36 ሰዓት መጣ።

ኦፈርሽ ላይ የተጻፈው የሥራ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ሱቅ ላይ ከተመደብሽ ፓርኩ ከተዘጋ በኋላም ሰው እየገዛ ነው የሚወጣው። ምግብ ቤት ከሆነ ከመዝጊያ በኋላ ማጽዳት አለ። በሃሎዊንና በገና ሰሞን በልዩ ትኬት የሚደረጉት የማታ ድግሶች እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚቆዩ ያን ቀን መዝጊያ ሺፍት ያለው ሰው ቤቱ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፈተና አትያዢ።

ደግሞ የስፕሪንግ ምዝገባ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር ላይ ይከፈታል። ጎብኚ ፊት ስልክ ማውጣት አይቻልም፤ ምዝገባሽ በሚከፈትበት ሰዓት ሺፍት ላይ ከሆንሽ ክፍሉ ሞልቶ ይጠብቅሻል። ቀኑን ቀድመሽ እወቂና ሺፍቱን ከሰው ጋር ተለዋወጪ። አድቫይዘሩ የሚያነሳው ሆልድ (የምዝገባ እገዳ) ካለብሽም ኦክቶበር ሳይገባ በስልክ ቀጠሮ ይዘሽ አስነሺ።

ፋፍሳ_ነክ፦
የሁለታችሁም ምክር ጥሩ ነው፣ ግን 6 ክሬዲት የሚያዝበት ዋናው ምክንያት አልተነሳም። የፌዴራል ሎን እንደ ተማሪ የሚቆጥርሽ ቢያንስ ግማሽ ጊዜ ከተማርሽ ነው፤ ያ ደግሞ አብዛኛው ትምህርት ቤት ዘንድ 6 ክሬዲት ነው። ከዚያ ከወረድሽ ሎኑን መክፈል ሳትጀምሪ የምትቆዪበት የስድስት ወሩ የእፎይታ ጊዜ መቆጠር ይጀምራል። የሚቆጠረው ሥራ ከጀመርሽበት ቀን ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ግማሽ ጊዜ ተማሪ ከነበርሽበት ቀን ነው። ሰመር ሳትማሪ፣ ፎልንም እረፍት ወስደሽ ብትሄጂ ከሜይ ጀምሮ ሲቆጠር ኖቬምበር ላይ ያልቃል፣ ክፍያም ይመጣል። ጃንዋሪ ስትመለሺ ክፍያው ይቆማል፤ የተቃጠለው እፎይታ ግን ስትመረቂ አይመለስም። ስድስቱ ወር ሳይሞላ ግማሽ ጊዜ ሆነሽ ከተመለስሽ ደግሞ ሙሉው እንደገና ይሰጥሻል። ሰመር ላይ 8 ክሬዲት ውሰጂ የተባለው በዚህ በኩልም ይጠቅምሻል፤ ቆጠራው ቢጀምር እንኳ ከኦገስት ነው።

ፔል ግራንትሽ በያዝሽው ክሬዲት ልክ ይቀነሳል፤ ከ12ቱ 6 ከያዝሽ ግማሹን ታገኛለሽ። የትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፕ ነው የሚያሳስበው። ብዙዎቹ በየሴሜስተሩ 12 ክሬዲት ይጠይቃሉ፣ አንዴ ከተቋረጠም አይመለስም የሚሉ አሉ። «ለአንድ ሴሜስተር ማስተላለፍ ይቻላል ወይ፣ በየትኛው ፎርም?» ብለሽ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል ጠይቂ፤ በቃል የተባለውን አትያዢ።

6 ይዞ መግባት አንድ አደጋ አለው፦ ኖቬምበር ላይ ሲከብድሽ አንዱን ኮርስ ብትጥዪ 3 ትሆኛለሽ፣ ሎኑ ከላይ ወዳልኩት ይገባል። ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፈው ደብልዩ (ኮርስ የማቋረጥ ምልክት) ደግሞ እንደተሞከረ ኮርስ ይቆጠራል። ከሞከርሽው ውስጥ 67 በመቶ ያህሉን ካላለፍሽ የፌዴራል እርዳታው ራሱ ይታገዳል። ሁለቱንም ጥለሽ ከወጣሽና ከሴሜስተሩ 60 በመቶው ካልሞላ፣ ከተሰጠሽ እርዳታ ከፊሉ ተመላሽ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱ ያንን ከአንቺ ይጠይቃል፣ እስክትከፍዪም ምዝገባ ይዘጋብሻል። ስለዚህ የምትይዣቸው ሁለት ኮርሶች ቀላል ጄኔራል ኢዱኬሽን (ከሜጀርሽ ውጭ ሁሉም ተማሪ የሚወስዳቸው) ይሁኑ። የሜጀር ኮርስ እዚያ አትውሰጂ።

ስለ ደሞዙ፦ በሳምንት ነው የሚከፈለው፣ የቤቱም ኪራይ ከዚያው ይቆረጣል። ኦፈርሽ ላይ ያለውን ቁጥር አስገቢበት እንጂ፣ ለምሳሌ በሰዓት 18 ዶላር ሆኖ ሴፕቴምበር ላይ 30 ሰዓት ብትሠሪ 540 ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 በመቶ፣ ማለትም 41 ዶላር ከነሳንቲሙ፣ ለፌዴራል ታክስ ደግሞ 25 ገደማ ቢነሳ 470 አካባቢ ይተርፋል፤ ኪራዩ የሚወጣው ከዚህ ላይ ነው። ፍሎሪዳ የስቴት ገቢ ታክስ የላትም፤ ቋሚ መኖሪያሽ ያለበት ስቴት ግን ነዋሪዬ ነሽ ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። በጀትሽን በሴፕቴምበር ሰዓት ሥሪው፣ በዲሴምበር አይደለም።

ሜዲኬይድ ካለሽ ደግሞ ከስቴትሽ ውጭ ከድንገተኛ በቀር ብዙም አይሠራልሽም። እሱንም አጣሪ።

አጭር_መልስ፦
ስኮላርሺፑ የሚቋረጥ ከሆነ አትቀበዪው። ፕሮግራሙ በቅርቡ የተመረቁትንም ስለሚቀበል ከምረቃ በኋላ ማመልከት ይቻላል። ያኔ ኦርጋኒክም ፋፍሳም (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻው) የለም።

ሦስተኛ_ዓመት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዲፓርትመንቴ የኢንተርንሺፕ ክሬዲት ይሰጣል፤ በዚያ 6ቱን መሙላት ይቻላል? ሌላው ደግሞ ኤፍ-ዋን (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ያለው የአክስቴ ልጅ እኔም ልግባ እያለ ነው።

የዲግሪ_ኦዲት፦
የኢንተርንሺፑ ክሬዲት ይቻላል፤ ግን ሥራ ሳትጀምሪ መመዝገብ አለብሽ። ከተሠራ በኋላ ወደኋላ ተመልሶ የሚቆጥር ትምህርት ቤት ብዙም የለም። የሚቆጣጠርሽ መምህር፣ የተፈረመ የመማር ስምምነትና በመጨረሻ ሪፖርት ያስፈልጋል። ሱቅ ወይም መዝናኛ ላይ መሥራት ለባዮሎጂ ሜጀር አይቆጠርልሽም፤ ብዙውን ጊዜ ነፃ ኢሌክቲቭ (በምርጫ የሚወሰድ ኮርስ) ነው የሚሆነው። ኦዲትሽ ላይ ባዶ የኢሌክቲቭ ቦታ ከሌለ 120ውን ቢሞላም ምረቃውን አያቀርበውም። ክፍያውም እንደማንኛውም ክሬዲት ነው። ቦታው ካለሽ ግን 3 ኢንተርንሺፕ ከ3 ኦንላይን ጋር ከሁሉም የቀለለው አማራጭ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ነገር ሌላ ነው። ኤፍ-ዋን ያለው ሰው ከካምፓስ ውጭ ለመሥራት ሲፒቲ የሚባል ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ከተማረ በኋላ፣ ሥራው ከሜጀሩ ጋር የተያያዘ ሆኖ፣ የአሠሪው ስምና ቀኖቹ አይ-20 በሚባለው የተማሪነት ሰነዱ ላይ ሰፍረው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሺፍት እንኳ መሥራት ስቴተስ (ሕጋዊ የተማሪነት ሁኔታውን) ያሳጣል። አንቺ ያሰብሽው የኦንላይን ዘዴም ለእሱ አይሠራም፤ ኤፍ-ዋን ተማሪ በሴሜስተር ከሚጠበቅበት ሙሉ ጭነት ውስጥ በኦንላይን የሚቆጠርለት አንድ ኮርስ፣ ማለትም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ሜጀሩ ሆስፒታሊቲ ወይም ቱሪዝም ሆኖ ትምህርት ቤቱ እንደ ሙሉ ጊዜ የሚቆጥረው የኮ-ኦፕ (ሥራን ከትምህርት ያጣመረ) ኮርስ ከሌለው በፎል አይሞክረው። ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያነጋግር።