ፒሲቪ የተከተበ ልጅ ጆሮው ለምን ደጋግሞ ይታመማል?

ፀደይ (ጠያቂ)፦
ልጁ 14 ወሩ ነው፤ 10 ኪሎ ይመዝናል። ፒሲቪ 13 (የኒሞኮከስ ባክቴሪያ መከላከያ ክትባት) ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ የመጨረሻው በ14 ሳምንቱ ነው። ፔንታቫለንቱም (ፔንታ፣ አምስት በሽታ በአንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት) ተሟልቷል። ባለፉት 5 ወራት ግን ሁለት ጊዜ መሀል ጆሮው ታመመ፣ አሁን ሦስተኛው ነው። አሞክሲሲሊን ከጨረሰ 3 ሳምንቱ ነው። ዛሬ ሁለቱም ዓይኖቹ መግል ይዘዋል፣ ጆሮው ግን አይፈስም። ሐኪሙ አሞክሲክላቭ አዘዘ። ክትባቱ አልሠራም ማለት ነው? ተጨማሪ ዶዝ ይሰጠው? ፔንታ "ሄሞፊለስን ይከላከላል" ይባል የለ? መድኃኒቱስ ለምን ተቀየረ?

ማይክሮ_ላብ፦
ክትባቱ ሠርቷል፣ ግን የሚያነጣጥረው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። መሀል ጆሮን በብዛት የሚያጠቁት ሦስት ባክቴሪያዎች ናቸው፦ ኒሞኮከስ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ እና ሞራክሴላ። ፒሲቪ የሚመለከተው ኒሞኮከስን ብቻ ነው፤ እሱም በሽፋኑ ስኳር እየተለየ ወደ 100 ዓይነት አለው። ፒሲቪ 13 የያዘው፣ ስሙ እንደሚለው፣ 13ቱን ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች መኖሪያቸው ከአፍንጫ ጀርባ ነው፤ ጉንፋን ሲመጣ የአፍንጫን ጀርባ ከመሀል ጆሮ በሚያገናኘው ቱቦ አልፈው ወደ መሀል ጆሮ ይገባሉ። ክትባቱ የተወሰኑትን ዓይነቶች ከዚያ ሲያስወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ሌላው ይይዘዋል። ፊንላንድ ውስጥ በፒሲቪ 7 ላይ ተሠርቶ በ2001 የታተመው ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል፦ በክትባቱ ውስጥ ባሉት ዓይነቶች የመጣው የጆሮ ሕመም በ57 በመቶ ቀነሰ፣ ክትባቱ በማይነካቸው የኒሞኮከስ ዓይነቶች የመጣው በ33 በመቶ ጨመረ፣ ጠቅላላው የጆሮ ሕመም የቀነሰው ግን በ6 በመቶ ብቻ ነው። በ2000 ፒሲቪ 7 ሥራ ላይ ሲውል 19ኤ የሚባለው ዓይነት ገኖ ወጣ፤ መድኃኒት የተላመደ በመሆኑም ብዙ አስቸገረ። በ2010 የመጣው ፒሲቪ 13 እሱን ጨምሮ ያዘ፤ ከዚያ ደግሞ 35ቢ እና 23ቢ ብቅ አሉ። 3 ቁጥር የሚባለው ዓይነት በፒሲቪ 13 ውስጥ አለ፣ ነገር ግን ሽፋኑን እየጣለ ፀረ እንግዳ አካሉን ስለሚያታልል መከላከያው በእሱ ላይ ደካማ ነው።

ስለ ሄሞፊለስ፦ ፔንታ ውስጥ ያለው "ሂብ" የሚከላከለው ሽፋን ያለውን ዓይነት ለ ብቻ ነው፤ ማጅራት ገትር የሚያመጣው እሱ ነው። ጆሮ የሚያጠቃው በአብዛኛው ሽፋን የሌለው ነው። ክትባቱ የተሠራው ከሽፋኑ ስለሆነ ሽፋን የሌለውን ሊይዘው አይችልም።

መንገደኛ፦
እንግዲያው ለጆሮ ጥቅም የለውም በሉና!

ማይክሮ_ላብ፦
የለም፣ ወንድሜ። በመጀመሪያው ዓመት አደገኛ በሆኑት የኒሞኮከስ ዓይነቶች አለመያዝ ኋላ ሕመሙ እንዳይደጋገም ይረዳል፤ በዚያው የፊንላንድ ሙከራ ፈሳሹ እንዲወጣ ታምቡራቸው ላይ ትንሽ ቱቦ የሚገባላቸው ልጆች ቁጥር ቀንሷል። ደግሞም ክትባቱ በዋናነት የሚሰጠው ለሳንባ ምች፣ ለደም ኢንፌክሽንና ለማጅራት ገትር ነው።

የሕፃናት_ሐኪም፦
ተጨማሪ ዶዝ ለጆሮ ሕክምና አይሰጥም፤ ቀድሞ ያልተካተተውን ዓይነት አሥር ዶዝም አይነካውም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ የሚከተሉት ፕሮግራም ማጠናከሪያ አለው ወይ? በ6፣ 10 እና 14 ሳምንት ብቻ የሚያበቃ ከሆነ ተሟልቷል። ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ማጠናከሪያ የሚሰጥ ከሆነ ግን አሁን ጊዜው ነው፤ ካርዱን ይዘው ይሂዱ። ቀላል ጉንፋን ቢኖረውም ክትባቱ አይቀርም፤ ከፍ ያለ ትኩሳት ካለው እስኪሻለው ይቆዩ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን የቀየረበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ30 ቀን ውስጥ አሞክሲሲሊን ወስዷል፣ ዓይኑም መግል ይዟል። ጆሮና ዓይን አብረው ሲያብጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽፋን የሌለው ሄሞፊለስ ነው። ሄሞፊለስ አሞክሲሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ያመርት ይሆናል፤ ሞራክሴላማ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያመርታል። እዚህ ላይ ዶዝ ቢጨመር ኢንዛይሙ የተጨመረውንም ያፈርሰዋል፤ ኢንዛይሙን የሚያስረው አሞክሲክላቭ ውስጥ ከአሞክሲሲሊኑ ጋር ያለው ክላቩላኔት ነው። ኒሞኮከስ በተቃራኒው ኢንዛይም የለውም፤ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ፕሮቲን ነው የሚቀይረው፣ ያ የሚሸነፈው በከፍተኛ የአሞክሲሲሊን ዶዝ ነው። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አዚትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለምኖ መውሰድ ግን ለሁለቱም ባክቴሪያዎች ደካማ ምርጫ ነው።

ፋርማሲ_24፦
መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአሞክሲሲሊኑ ዶዝ በኪሎ በቀን 90 ሚሊግራም ነው፤ ለ10 ኪሎ 900፣ ማለትም ጠዋት 450 ማታ 450። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ያንብቡ (የፊተኛው አሞክሲሲሊን፣ የኋለኛው ክላቩላኔት ነው፣ በሚሊግራም)፦

600/42.9 በ5 ሚሊ ከሆነ በአንድ ጊዜ 3.75 ሚሊ።

400/57 ከሆነ ብቻውን እስከ 450 አይወሰድ፣ ክላቩላኔቱ ይበዛል። ሐኪሙ ከፈቀደ 2.8 ሚሊ ከእሱ፣ 4.5 ሚሊ ከተራው 250 በ5 አሞክሲሲሊን ጋር በአንድ ላይ ይሰጣል፤ ድምሩ 450 ገደማ ይሆናል።

250/62.5 ከሆነ ለዚህ ዶዝ አይመችም። ክላቩላኔቱ በኪሎ በቀን 22 ሚሊግራም አልፎ ተቅማጥ ያስከትላል፤ ወላጅም መድኃኒቱን በ3ኛው ቀን ያቆማል።

በማንኪያ ሳይሆን በሲሪንጅ ይለኩ፣ ከመለካትዎ በፊት ይነቅንቁ። የተበጠበጠው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከ10 ቀን በኋላ ይጣላል። ምግብ ሲጀምር ይስጡት። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ስለሆነ 10 ቀን ሙሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንቲባዮቲኩ ሕመሙን አያስታግስም፤ ፓራሲታሞል 120 በ5 ካለዎት 6 ሚሊ ገደማ በየ6 ሰዓቱ።

ፀደይ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከአፍንጫው ናሙና ተወስዶ ባክቴሪያው ይታወቅ ብዬ ልጠይቅ?

ማይክሮ_ላብ፦
አይጠቅምዎትም። ጤነኛ ልጅም አፍንጫው ውስጥ ሦስቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ መገኘታቸው ጆሮ ውስጥ አሉ አያሰኝም። የሚረባው ከታምቡሩ ጀርባ በመርፌ የተቀዳ ፈሳሽ ነው፣ ወይም ታምቡሩ ገና ከመቀደዱ የሚወጣው መግል። ከፈሰሰ መጀመሪያ የውጭው የጆሮ ቀዳዳ ይጸዳል፣ ካልሆነ የቆዳ ባክቴሪያ ነው የሚበቅለው። ናሙናው ቶሎ ይድረስ፣ ኒሞኮከስ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ላቦራቶሪውም ቸኮሌት አጋር የሚባለውን የባክቴሪያ ማብቀያ መጠቀሙን ይጠይቁ፤ ሄሞፊለስ በተራ የደም አጋር ላይ ስለማይበቅል "ምንም አልተገኘም" የሚል ውጤት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

የሕፃናት_ሐኪም፦
በ48 እስከ 72 ሰዓት ካልተሻለው ይመለሱ፤ ቀጣዩ አብዛኛውን ጊዜ ሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው፣ በኪሎ 50 ሚሊግራም። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ ወይም ጆሮው ወደ ፊት ከተገፋ ግን ያኔውኑ። በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ ስለሆነው የጆሮ አፍንጫ ጉሮሮ ሐኪም ይየው። ፈሳሹ ከዳነ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ያ በራሱ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ 3 ወር ካለፈው መስማቱ ይመርመር።

ፀደይ፦
የጉንፋን ክትባትስ?

የሕፃናት_ሐኪም፦
የኢንፍሉዌንዛው ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 2 ዶዝ በ4 ሳምንት ልዩነት። ባክቴሪያውን አይነካም፤ ቱቦውን አሳብጦ መንገዱን የሚከፍተውን ቫይረስ ነው የሚቀንሰው። የጡጦ ወተት ተጋድሞ አይጠጣ፣ ቤት ውስጥም ሲጋራ አይጨስ።