ከርነሉ ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም?

የሌሊት ተረኛ፦ ሰሞኑን አንዱ «ፍላሹን ቶሎ ነቅሎ ፋይሉ የተበላሸበት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው» ብሎ ጽፎ አንብቤ ደሜ ፈላ። ኮፒው 100% ብሏል። መስኮቱ ተዘግቷል። ሰውየው ከዚህ በላይ ምን ይጠብቅ? ዳታው ግን ገና ሜሞሪ ላይ ነው። ለእኔ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋና አንኳር ፕሮግራም) ዋሽቶታል።

ገጽ ቆጣሪ፦ «ዋሽቶታል» ትልቅ ቃል ነው። ራይት (ፕሮግራሙ «ይህን ጻፍልኝ» የሚልበት ጥሪ) ሲመለስ «ተረክቤያለሁ» አለ እንጂ «ዲስክ ላይ ደርሷል» መቼ አለ? መድረሱን ማረጋገጥ የፈለገ ኤፍሲንክ (ዳታው ዲስክ ላይ እስኪጻፍ የሚጠብቀውን ጥሪ) ይጥራ። እያንዳንዱ ራይት ዲስክ እስኪነካ ይጠበቅ ቢባል ማሽኑ ይንቀራፈፋል።

የሌሊት ተረኛ፦ እሺ፣ ተረክቧል። ግን ምን ያህል ነው የሚረከበው? ደርቲ ሬሾ (ሜሞሪ ላይ ሊቆይ የሚችለው ያልተጻፈ ዳታ ጣሪያ፣ በመቶኛ) ካልነካኸው 20 ነው። 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ላይ 3.2 ጊጋባይት ያልተጻፈ ዳታ ማለት ነው። በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ ይህን ለመጨረስ ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል።

ዲስክ ወዳጅ፦ ስሌትህ ልክ አይደለም። 20ው የሚወሰደው ከጠቅላላው ሜሞሪ ሳይሆን ከነጻውና ከካሹ (ለፍጥነት ሜሞሪ ላይ ከተያዘው የፋይል ቅጂ) ነው። ደግሞም ከሊኑክስ 3.2 ወዲህ እዚያ ድረስ አይጠብቅም። ከበስተጀርባ መጻፍ በሚጀመርበት በ10 እና በ20 መሃል ሲደርስ የሚጽፈውን ፕሮግራም ትንሽ ትንሽ እያስተኛ ያዘገየዋል።

የሌሊት ተረኛ፦ 3.2 ጊጋባይት ይሁን 2.4፣ ለሰውየው ምን ይለውጥለታል? ትናንት አንድ ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ገልብጬ ሜምኢንፎ (የሜሞሪውን ሁኔታ የሚያሳየው ፋይል) ላይ «ደርቲ» (ገና ያልተጻፈ) የሚለውን መስመር በየሴኮንዱ አየሁት። ኮፒው አልቋል ከተባለ በኋላ ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሲንክ (የቀረው ሁሉ ይጻፍ) ብዬ አዘዝኩ፣ ተርሚናሉ ዝም ብሎ ቆመ። ያን ሁሉ ጊዜ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ሙሉ አልነበረም።

አዲስ ገቢ፦ ደርቲ ባይትስን (ያንኑ ጣሪያ በመቶኛ ሳይሆን በባይት የሚወስነውን) 200 ሜጋባይት ላይ ብናስቀምጠው አይገላግለንም?

ዲስክ ወዳጅ፦ ፍላሹን ይገላግላል፣ ሰርቨሩን ይጎዳል። ብዙ ጊዜያዊ ፋይል ተፈጥሮ ዲስክ ሳይነካ ይሰረዛል። ገደቡን ካጠበብከው ያ ሁሉ በከንቱ ይጻፋል።

የሌሊት ተረኛ፦ ገጽ ቆጣሪ፣ «ኤፍሲንክ ይጥራ» ብለህ አለፍከው። በ2018 የፖስትግሬስ (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ሰዎች ምን እንዳገኙ ረሳኸው? ዲስኩ መጻፍ ያቅተዋል፣ ኤፍሲንክ ስህተት ይመልሳል። ገጹ (ዳታው ያለበት የሜሞሪ ቁራጭ) ግን «ንጹህ»፣ ማለትም የተጻፈ፣ ተብሎ ይመዘገባል። ደግመህ ኤፍሲንክ ስትጠራ «ተሳክቷል» ይልሃል። ይህስ ውሸት አይደለም?

ገጽ ቆጣሪ፦ አንዴ ነግሮሃል እኮ! ስህተት ሰምቶ ዝም ብሎ የደገመው አፕሊኬሽኑ ነው። እስቲ አንተ መልስልኝ፦ ፍላሹ ተነቅሏል፣ ተመልሶ አይመጣም። ከርነሉ እነዚያን ገጾች እስከ መቼ ይያዛቸው? አልለቅም ቢል ሜሞሪው በማይጻፍ ዳታ ይሞላና ሌላው ሁሉ ይታነቃል።

የሌሊት ተረኛ፦ ይጣላቸው። «ንጹህ ናቸው» አይበል።

ዲስክ ወዳጅ፦ እዚህ ላይ ከተረኛው ጋር ነኝ። ፖስትግሬስም በ2019 መድገሙን ተወው። ኤፍሲንክ ከከሸፈ ራሱን አቁሞ ከሎጉ (ከለውጦች መዝገቡ) እንደገና ይነሳል። ይህን ያደረገው ሁለተኛውን መልስ ማመን ስለማይቻል ነው።

ገጽ ቆጣሪ፦ እሱ የዳታቤዝ ጉዳይ ነው። የፍላሹን ጉዳይ ግን ፋይል ማኔጀሩን የሚሠሩት ይመልሱት። 100% ከማለታቸው በፊት ኤፍሲንክ ይጥሩ። ከርነሉ ላይ አታላክኩ።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ «ዋሽቷል» የሚለው ቀረ?

የሌሊት ተረኛ፦ አልቀረም። ስለ ሁለተኛው ኤፍሲንክ ገና አልመለሰልኝም።