የመብራትና የጋዝ ዋጋ ጉዳይ፦ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የምናስገባው ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት፣ ለንደን)

ፀሐፊዋ፣ ማክሰኞ ማርች 14 ቀን 2017

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የተጀመረውን ጨዋታ እዚህ እንጨርሰው። መብራትና ጋዝ ከሚሸጡልን ኩባንያዎች ኢዲኤፍ ከማርች 1 ጀምሮ መብራት ላይ 8.4 በመቶ ጨምሯል። ኤንፓወር ከነገ ወዲያ መብራት ላይ 15 በመቶ፣ ጋዝ ላይ 4.8 በመቶ ይጨምራል። ኤስኤስኢም ትናንት ተነስቶ ከኤፕሪል 28 ጀምሮ መብራት በ14.9 በመቶ ይወደዳል ብሏል።

እስከ ወሩ መጨረሻ ለካውንስሉ አንድ ገጽ ሐሳብ ማስገባት አለብን። አንድ ገጽ ነው ያልኩት። ጻፉ፣ እኔ አሰባስቤ አረቅቃለሁ። ፖለቲካውን ቀነስ፣ ቁም ነገሩን ጨመር አድርጉልኝ።

ታክሲ ነጂው

ፖለቲካውን ቀነስ? እህቴ፣ ነገሩ ራሱ ፖለቲካ ነው እኮ! ባለፈው ጁን 23 አገሩ ወጥቶ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብሎ መረጠ፤ 51.9 ለ48.1። እኔ ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ 1 ፓውንድ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይላል፣ ሲነጋ 1 ከ30 ምናምን ገብቷል። ከ1985 ወዲህ እንዲህ ወርዶ አያውቅም አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የተወደደው።

ስንቶቻችን ነን ደግሞ ድምፅ እንኳ ያልሰጠነው? የእንግሊዝ ዜግነት ካልያዝክ፣ አገርህም ኮመንዌልዝ ወይም አየርላንድ ካልሆነ አትመርጥም። ቢሉ ግን መርጠሃል አልመረጥክም ሳይል ቤትህ ድረስ ይመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። እነ ቦሪስ ጆንሰንና ማይክል ጎቭ ከምርጫው በፊት ምን ብለው ጻፉ? ከወጣን የቤት መብራትና ጋዝ ላይ ያለውን 5 በመቶ ቫት ማንሳት እንችላለን። የታለ? ደብዳቤው በዚህ ይጀምር ባይ ነኝ።

ገንዘብ ያዥ

ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ እኔም ይቆጨኛል። ግን ሂሳቡን ለየት አድርገን እንየው።

የፓውንዱ ነገር እውነት ነው። አገር ቤት ብር የሚልክ ሁሉ ያውቀዋል። ከምርጫው በፊት 1 ፓውንድ 32 ብር ገደማ ነበር፣ አሁን 28 ገደማ ነው። እናትህ ያጎደለችብህ ነገር የለም፣ አንተም የቀነስከው የለም፣ ግን የሚደርሳት አነሰ። ጋዙም እንደዚያው ነው። የዚህ አገር ጋዝ ግማሽ ያህሉ ከውጭ ይገባል፤ ከኖርዌይ በቱቦ፣ ከኳታር በመርከብ። መብራትም ከፈረንሳይና ከሆላንድ በባሕር ሥር ገመድ ይመጣል። በደከመ ፓውንድ ስትገዛ ይወደድብሃል።

ይሁንና ሁሉም በምርጫው አልመጣም። ባለፈው መኸር ፈረንሳይ ብዙ የኑክሌር ጣቢያዎቿን ለምርመራ ዘግታ ነበር፣ ያኔ የመብራት ዋጋ እዚህም ተሰቀለ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው የመስመሩን ወጪና የመንግሥትን የአረንጓዴ ኃይል መዋጮ ነው የሚያነሱት። ስለዚህ "ብሬግዚት አስወደደብን" ብለን ብንጀምር፣ ካውንስል ውስጥ ያለው ሰው ገና መጀመሪያው ላይ ይከራከረናል። የቀረውን አያነበውም።

ይልቅ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ጁን 24፣ ማለትም ልክ በምርጫው ማግስት፣ የውድድርና ገበያ ባለሥልጣኑ የሁለት ዓመት ምርመራውን ውጤት አወጣ። በዚያ ጫጫታ መሐል ማን ያየዋል? ከስድስቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ደንበኞች 70 በመቶው የሚከፍሉት ምንም ሳይመርጡ የተመደቡበትን ውዱን ታሪፍ ነው ይላል። ሕዝቡ በአማካይ በዓመት 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ ከልክ በላይ ከፍሏል። ታሪፍ የሚቀይር ቤተሰብ ከ300 ፓውንድ በላይ ሊተርፈው ይችላል። እስቲ እዚህ ያለነው እጃችንን እናውጣ፣ ቀይሮ የሚያውቅ ማን አለ?

ታክሲ ነጂው

እኔ አልቀየርኩም። ኪስ አውላቂ ይመስለኛል፣ በር ሲያንኳኩ አልከፍትም።

እማማ (ልጄ ናት የምትጽፍልኝ)

ልጆቼ፣ ተባረኩ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ጎረቤቴ መብራት የሚበላብሽ ምጣዱ ነው አለችኝ። ጾም ነው፣ ያለ እንጀራ ምን እበላለሁ? ልተወው?

ገንዘብ ያዥ

እማማ፣ በፍጹም እንዳይተዉት! ልጅዎ ከምጣዱ ሥር የተጻፈውን ታንብብልኝ።

እማማ

1500 ዋት ይላል አለች። በሳምንት አንዴ ነው የምጋግረው፣ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ገንዘብ ያዥ

ቢበዛ 3 ዩኒት (ኪሎዋት-ሰዓት) ነው። ዩኒቱን 15 ፔንስ ብንይዘው 45 ፔንስ። 15 በመቶ ቢጨመርበት 52 ፔንስ አይሞላም። በሳምንት 7 ፔንስ ማለት ነው። እንጀራዎን ይጋግሩ።

መኝታ ቤት የሚሰኩት ማሞቂያ አለ?

እማማ

አለ። የጋዙን ማሞቂያ እፈራዋለሁ፣ ስለዚህ እሱን ማታ ማታ እሰካዋለሁ። 2000 ነው አለች። እስከ ሌሊት ይበራል።

ገንዘብ ያዥ

በልቶ የጨረሰዎት እሱ ነው። ስድስት ሰዓት ቢበራ 12 ዩኒት፣ 1 ፓውንድ ከ80 በአንድ ሌሊት። በምጣዱ አንድ ወር ይጋግሩበታል። ቅዳሜ ልጄን ይዤ መጥቼ የጋዙን አበራር አሳይዎታለሁ። የጡረታ ክሬዲት የሚያገኙ ከሆነ ደግሞ ከቢሉ ላይ 140 ፓውንድ የሚቀንሰው ዋርም ሆም ዲስካውንት የሚባለው ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው የወጣ ነው። ወረቀቶችዎን አስቀምጡልኝ።

አዲስ አባል

ሰላም ለሁላችሁ። የገባሁት በቅርቡ ስለሆነ ብዙ ሰው አያውቀኝም። የኔን ልናገር፣ ይጠቅም እንደሆነ።

የጥገኝነት ወረቀቴን ካገኘሁ በኋላ ከነበርኩበት የጥገኞች ቤት 28 ቀን ውስጥ ውጣ ተባልኩ። ስንት ቦታ ዞሬ አንድ ክፍል አገኘሁ። የቤቱን ቁልፍ ሲሰጡኝ ሌላ ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። የመብራት ናት፣ ሱቅ ወስደህ ትሞላታለህ አሉኝ። 10 ፓውንድ ሞላሁ። ቆጣሪው ላይ ስከታት 6 ብቻ አሳየኝ። እኔ ባለሱቁ የቀሸበኝ መስሎኝ ተጣላሁት፣ አሁንም ሳየው አፍራለሁ። በማግስቱም ምንም ሳላበራ ቀነሰ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እህት ገባት። ከኔ በፊት የነበረው ተከራይ ዕዳ ነበረበት። የሱን ቁልፍ ስከት የሱን ዕዳ ነው እኔ የምከፍለው። ደውላ በእንግሊዝኛ ተከራከረችልኝ፣ አዲስ ቁልፍ ላኩልኝ። ያለፈው ግን ቀልጦ ቀረ።

የማንም ጥፋት ነው አልልም። ግን ያን ቀን አንድ ሰው "ከመክተትህ በፊት ደውል፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ንገራቸው" ቢለኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ሁለት ሌሊት በጨለማ አድሬያለሁ።

ፀሐፊዋ

ወንድሜ፣ አይዞህ። ለምን እስካሁን አልነገርከንም?

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያረቀቅኩትን ሰረዝኩት። ካውንስሉ ፓውንዱን አያነሳውም፣ ዋጋውን አይቀንሰውም። ቤቱን የሚያከራየው ወይም ሰውን ወደ ቤቱ የሚመራው ግን እሱ ነው። ቁልፍ የሚያስረክብበት ቀን አለ። የምንጠይቀው ያን ቀን ነው።

ነርሷ

እስማማለሁ። ባለ ቁልፍ ቆጣሪው ከሌላው ሰው የበለጠ እየከፈለ ነው የኖረው። ድሃው በውድ ይገዛል፣ ነገሩ ግልብጥ ነው። ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ግን ለነሱ ብቻ የዋጋ ጣሪያ ይወጣል፤ ወደ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ ይነካል፣ በዓመት በአማካይ ከ70 ፓውንድ በላይ ይቀንሳል ተብሏል። ሌላም አለ፤ ዕዳ ያለበትም ሰው ቢሆን ዕዳው ለመብራቱም ለጋዙም በየራሱ ከ500 ፓውንድ ካልበለጠ፣ ዕዳውን ይዞ ኩባንያ መቀየር ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። በአማርኛና በትግርኛ ይጻፍ። ከኤርትራውያኑ ማኅበር ጋር አብረን ብናስገባውስ? ቆጣሪው እንደሆነ አንድ ዓይነት ነው።

ታክሲ ነጂው

ጥሩ። ግን ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ ሰው በጨለማ ይደር? እድሩ ውስጥ ገንዘብ አለ። ቆጣሪው ላይ የሞላው ላለቀበት ሰው 10 ፓውንድ፣ 20 ፓውንድ ብንሰጥ ምን አለ?

ገንዘብ ያዥ

የእድሩን አትንኩት። ደንቡ ለሞትና ለሐዘን ይላል። ባለፈው ዓመት ሁለት አስከሬን አገር ቤት ልከናል፣ ምን ያህል እንደወጣ ታውቃለህ። አንዴ ከተከፈተ ነገ ለመኪና ኢንሹራንስ ይጠየቃል።

ታክሲ ነጂው

ሰው በቁሙ ሲበርደው ዝም ብለን፣ ሲሞት ድንኳን እንተክላለን ማለት ነው?

ገንዘብ ያዥ

እንደሱ አላልኩም ወንድሜ። ቃል አታጣምብኝ።

እማማ

አትጣሉ። የእድሩ ይቀመጥ። ለብቻው ቆርቆሮ ይዞር፣ እኔ በወር 2 ፓውንድ እሰጣለሁ። ጀምሩት።

ፀሐፊዋ

የእማማ ይጽና። ነርሷ ትያዘው፣ ስም ሳይጠራ ለሚቸግረው ይሰጥ። ይህ ደብዳቤው ውስጥ አይገባም፣ የቤታችን ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ረቂቁ ይኸው፦

"ማኅበራችን ካውንስሉን ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቤት የሚረከብ ተከራይ ሁሉ፣ የቁልፍ ቆጣሪ ካለው፣ የቆጣሪውን ንባብና ከዕዳ ንጹሕ የሆነ የቆጣሪ ቁልፍ ከቤቱ ቁልፍ ጋር አብሮ ይቀበል። ከቤቱ ውል ጋር በአማርኛና በትግርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ይያያዝ፤ ትርጉሙን እኛ በነፃ እንሠራለን። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ምሽት ቢሉን ይዞ የሚመጣውን ሰው ታሪፍ የሚያስቀይር አማካሪ ይመደብልን፤ አዳራሹና አስተርጓሚው በእኛ ይሁን። የአዲስ አባላችን ገጠመኝ፣ ስሙ ሳይጠቀስ፣ ከዚህ ጋር ተያይዟል።"

ታክሲ ነጂው

የቫቷስ? አንድ መስመር።

ፀሐፊዋ

እሷን ለፓርላማ አባላችን ለብቻዋ ትጽፋታለህ። እኔ እንግሊዝኛውን አይልሃለሁ።

አዲስ አባል

መመሪያውን በትግርኛ እኔ ልጻፈው። "ቁልፉን አትክተቱ" የሚለው ከላይ በትልቁ ይሁን።

ነርሷ

የኤርትራውያኑን ሊቀመንበር ዛሬ አገኘኋቸው። ይፈርማሉ፣ ግን መጀመሪያ ጉባኤያቸው ያየው ብለዋል።

እማማ

አዳራሹ ማሞቂያው ይብራ እንጂ። ባለፈው ካፖርቴን ሳላወልቅ ነው የወጣሁት።

ፀሐፊዋ

እሺ እማማ። እሁድ ማርች 26፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀኑ 2 ሰዓት፣ ለፊርማ እንገናኝ። ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት ሰዓቱ በአንድ ወደፊት ይቀየራል፤ 2 ሰዓት ያልኩት በአዲሱ ነው። ባለፈው ዓመት ግማሹ ሰው ስብሰባው ሲያልቅ ነው የደረሰው። ዳቦና ሻይ ይኖራል፣ የጾም ነው። ቢላችሁን ይዛችሁ ኑ።