ባለቤትን ወደ እንግሊዝ ለማምጣት፦ የቱ መንገድ፣ ማን ዘንድ፣ በስንት?

«ፕሮሰስ ልጀምር ነው፣ ጎበዝ ሰው ጠቁሙኝ» የሚል ጥያቄ ለንደን ባለን ሐበሾች መካከል ጠፍቶ አያውቅም። የሚመጣው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልክ ቁጥር ነው። «እገሌ ጋ ደውል፣ የእህቴን ያስጨረሰው እሱ ነው።» እገሌ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። የእህትየው ገቢና የእናንተ ገቢ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ማን ዘንድ እንደምትሄዱ ከመጠቆሜ በፊት ምን እንደምትገዙ ልንገራችሁ። የምጽፈው የእንግሊዝ ዜግነት ኖሯችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ኢትዮጵያ ላለ ሰዎች ነው። እንዲቀለኝ «እሷ» እላለሁ፤ ባል የምታመጡ እህቶች ወደ «እሱ» ቀይሩት።

ከመንገዱ እንጀምር። ብዙ ሰው የትዳር ቪዛንና የእጮኛ ቪዛን ያወዳድራል። የእጮኛው የጤና ክፍያ (ለመንግሥት ሕክምና ከቪዛው ጋር አስቀድሞ የሚከፈለው) ስለሌለበት ርካሽ ይመስላል። አይደለም። በሚያዝያ 2025 በወጣው ታሪፍ (ቀኖቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከአገር ውጭ ሆነው ሲያመለክቱ ሁለቱም 1,938 ፓውንድ ነበሩ። በትዳር ቪዛው ላይ የጤና ክፍያ 3,105 ፓውንድ ይጨመር ነበር። በዚያ ታሪፍ በጠቅላላው 5,043 ፓውንድ ይሆናል። 33 ወር ይሰጣታል፤ እንደመጣች ሥራ መግባት ትችላለች። በእጮኛ ቪዛ የምታገኙት 6 ወር ነው። ሥራ ክልክል ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ ትጋቡና እዚሁ ሆናችሁ እንደገና ማመልከቻና የጤና ክፍያ ትከፍላላችሁ፤ በ2025ቱ ታሪፍ 1,321 እና 2,587.50 ፓውንድ ነበሩ። በዚያው ታሪፍ ደምሩት፤ 800 ፓውንድ ያህል ይበልጣል፣ እሷም እስከዚያ ያለ ሥራ ትቀመጣለች። የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ ሰርጉን አገር ቤት አድርጋችሁ በትዳር ቪዛ ግቡ። እጮኛ ቪዛ የምመክረው አገር ቤት መግባት ለማይችልና ሦስተኛ አገር ሄዶ መጋባትም ለማይመቸው ሰው ነው።

«ለጉብኝት ትምጣና እዚህ እንቀይረዋለን» የሚላችሁን አትስሙ። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው እዚሁ ሆኖ ወደ ትዳር ቪዛ መቀየር አይችልም። ለጋብቻ ተብሎ የሚሰጠው የጎብኚ ቪዛም ያው ነው፤ ተጋብቶ መመለስ ነው።

አሁን ዋናው ጣጣ፦ ገቢ። ከሚያዝያ 11 ቀን 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው በዓመት 29,000 ፓውንድ ነው። ከዚያ በፊት 18,600 ስለነበር የቆየ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው አሁንም ያንን ቁጥር ሊጠራ ይችላል። ልጆች ቢኖሩም አሁን አይጨመርም። እሷ አዲስ አበባ ዳጎስ ያለ ደሞዝ ቢኖራትም አይቆጠርላትም። የሚታየው የእናንተው ነው። አካል ጉዳት ላይ ተመስርተው የሚሰጡ አንዳንድ ድጎማዎችን የምታገኙ ከሆነ ግን የ29,000ው ወለል አይመለከታችሁም፤ በቀለለ መስፈርት ትታያላችሁ። ይህን የማያውቅና በከንቱ ተስፋ የቆረጠ ሰው አለ።

ተቀጣሪ ከሆናችሁና አንድ ቦታ ስድስት ወር ከሠራችሁ ነገሩ ቀላል ነው። የስድስት ወር ፔይስሊፕ፣ ያው ደሞዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንት፣ የአሠሪ ደብዳቤ። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርጓቸውና በእርሳስ እያመሳከራችሁ ውረዱ። ፔይስሊፑ 1,982.40 ካለ ባንኩም 1,982.40 ማለት አለበት። ልዩነት ካለ ምክንያቱን አሠሪው በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ሁለት ሥራ ያላችሁ ሁለቱን መደመር ይፈቀድላችኋል። ምግብ ቤት ሠርታችሁ በካሽ የሚከፈላችሁ ከሆነ ግን ከዛሬ ጀምሮ የተቀበላችሁትን ባንክ አስገቡ። ባንክ ያልገባው ብር ለሆም ኦፊስ (ቪዛውን ለሚወስነው የእንግሊዝ መሥሪያ ቤት) እንዳልተከፈለ ነው።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞች፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ለግል ሠራተኛ የሚቆጠረው ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ትርፍ ነው፤ እሱም ሙሉ የግብር ዓመት ሲሞላው፣ ማለትም ሚያዝያ 5 ሲዘጋ። ታክስ እንዲያንስ ብሎ ወጪውን በሙሉ ያስመዘገበ ሰው 45,000 አስገብቶ በወረቀት 21,000 ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ወደ ጠበቃ ይሮጣል። ጠበቃ ግን የተዘጋ ዓመት አይከፍትም። ሚስት ለማምጣት ካሰባችሁ ጥሩ አካውንታንት ከጥሩ ጠበቃ ይቀድማል፤ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት አነጋግሩት።

ደሞዝ ያልሞላለት ተቀጣሪ ቁጠባ መጨመር ይችላል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የጎደለውን በ2.5 ታባዙና 16,000 ትጨምራላችሁ። 25,000 የምታገኙ ከሆነ 4,000 ይጎድላል፤ ያ 10,000 ይሆናል፣ ከ16,000 ጋር 26,000 ፓውንድ። ምንም ገቢ ከሌለ 88,500 ነው። ገንዘቡ ስድስት ወር ባንክ መቀመጥ አለበት። ዘመድ በስጦታ ቢሰጣችሁ ችግር የለውም፤ ብድር ከሆነ ግን አይቆጠርም። እቁብ ወጥቶላችሁ ካስገባችሁም ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ብሩ ከገባበት ቀን ነው።

እንግዲህ ማን ዘንድ ይኬድ?

ገቢያችሁ ከአንድ አሠሪ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ከዚህ በፊት ካላገባችሁና ቪዛ ተከልክላችሁ የማታውቁ ከሆነ ራሳችሁ ሙሉት። ፎርሙ ኦንላይን ነው፣ ጥያቄዎቹም የሚገቡ ናቸው። ጠበቃ የሚወስደው ሺህ ፓውንድና ከዚያ በላይ ለበረራና ለመጀመሪያው ወር ኑሮ ይሁናችሁ። ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ወረቀቱን እንዲያይላችሁ ለአንድ ጠበቃ የአንድ ሰዓት ክፍያ ብትከፍሉ ለኔ ከሁሉም የሚያዋጣው እሱ ነው።

የግል ሥራ፣ የቀድሞ ትዳር፣ የቀድሞ ክልከላ፣ ወይም እሷ እንግሊዝ ኖራ ወረቀቷ አልፎባት የነበረ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ባለሙያ ያዙ። ሶሊሲተር ከሆነ የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ መዝገብ ላይ ፈልጉት። ጠበቃ ያልሆነ አማካሪ ደግሞ በኢሚግሬሽን ምክር ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። እስከ ጥር 2025 ኦአይኤስሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን ቀየረ። ሦስት ደረጃ አለው፤ ይግባኝ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከር ከፈለጋችሁ ሦስተኛ ደረጃ ያለውን ጠይቁ። ሳይመዘገቡ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት በእንግሊዝ አገር ወንጀል ነው፤ ሰውየው የጓዳችሁ ሰው ቢሆንም፣ አማርኛው ቢጣፍጥም።

ኪሱ ለሳሳበት፣ ከ2013 ወዲህ ለቤተሰብ ቪዛ መንግሥት የሚከፍለው ጠበቃ በእንግሊዝና ዌልስ በአብዛኛው የለም። ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የምክር ድርጅት የመጀመሪያውን ምክር በነጻ ይሰጣችኋል። በገቢ መስፈርቱ ምክንያት ተለያይተው ለሚኖሩ ባለትዳሮች ደግሞ ሪዩናይት ፋሚሊስ ዩኬ የሚባል ማኅበር አለ፤ ያለፉበት ሰዎች ስለሆኑ ይገባቸዋል።

አዲስ አበባ ስላሉ ፎርም ሞዪዎችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች እውነቱን ልናገር። ለፎቶ ኮፒ፣ ለስካን፣ ወረዳ ለመሯሯጥ ጥሩ ናቸው። ለማመልከቻው ግን አልመክራቸውም። አንዳንዱ በራሱ ኢሜይል ይከፍትና ውሳኔው ሲመጣ «ተጨማሪ ክፈሉ» ይላል። ቅሬታ የምታቀርቡበት የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ እዚያ የለም። ቢያንስ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ይሁን።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ «እኔ በስደተኝነት ስመጣ ጓደኛዬ ሚስቱን ያለ ገቢ መስፈርት አመጣ» ይላል። እውነት ነው፣ ለስደተኞች ሌላ መንገድ ነበር። እሱም ከመስከረም 4 ቀን 2025 ጀምሮ ለአዲስ አመልካቾች ቆሟል። ዜግነት የወሰደ ሰው ግን ያ መንገድ ክፍት በነበረ ጊዜም አይመለከተውም ነበር፤ እንደማንኛውም ዜጋ 29,000ውን ያሟላል።

እንግሊዝኛውን ቀለል አድርጌ ልለፍ። የሚጠየቀው ኤ1 የሚባለው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፣ መናገርና ማዳመጥ ብቻ። ፈተናው ሆም ኦፊስ ከፈቀዳቸው አንዱ መሆን አለበት፤ ለትምህርት የሚወሰደው ተራው አይኤልትስ አያገለግልም፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሸወዳል። ጥሩ የምትናገር ከሆነ ከፍ ያለውን ቢ1 ትፈተን፤ ለማራዘሚያም ይጠቅማታል። ዲግሪ ካላት ደግሞ ጭራሽ ፈተና ላያስፈልጋት ይችላል። ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ኤክቲስ ለሚባለው ድርጅት ከፍላ ዲግሪዋ ከእንግሊዝ ባችለር ጋር እኩል እንደሆነና በእንግሊዝኛ እንደተማረች ማረጋገጫ ታወጣለች።

ትርጉም ቤት ስትመርጡ በዋጋ አትምረጡ። አዲሱ የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ሰርተፍኬት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ትርጉም አይፈልግም። የቤተክርስቲያን ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔና የቆዩ ማስረጃዎች ግን ይተረጎማሉ። ተርጓሚው ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን ጽፎ ሙሉ ስሙን፣ ቀኑን፣ ፊርማውንና አድራሻውን ማስፈር አለበት። ቀኖቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 2015 የሚል የቃል ኪዳን ወረቀት «ጃንዋሪ 5, 2015» ተብሎ ተተርጉሞ ቢመጣ፣ ትክክለኛው ጃንዋሪ 13, 2023 ነውና ስምንት ዓመት የሚያረጅ ትዳር ይፈጠራል። ስምም እንዲሁ። እሷ «ጸሐይ» ሆና ስሟን ፓስፖርቷ በኤስ፣ የጋብቻው ወረቀት በቲኤስ የጻፈው ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉ። የአያት ስም የቤተሰብ ስም እንዳልሆነና ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድ በሽፋን ደብዳቤያችሁ ላይ በሁለት መስመር አብራሩ።

ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት ብዙ ሰው የሰርግ አልበም ይጭናል። ከአልበሙ ይልቅ የሚያሳምነው ተራ ነገር ነው፦ የጉዞ ማህተም፣ የጥሪ ዝርዝር፣ የተላከ ገንዘብ። ለቻት ቴሌግራም ከዋትሳፕ ይሻላል እላለሁ፤ በኮምፒውተር ሙሉውን ከነቀኑ ማውጣት ይቻላል። ሺህ ገጽ አትጫኑ፤ ከየወሩ ሁለት ሦስት ገጽ በቂ ነው። ገንዘብ በሬሚትሊ ወይም በወርልድሬሚት ብትልኩ ደረሰኙ በስሟ ይቀመጣል። ምንዛሪው ትንሽ ስለሚሻል በሰው እጅ የምትልኩ ግን ለማመልከቻው የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራው አዲስ አበባ በአይኦኤም (የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት) ክሊኒክ ነው፤ ሌላ ሆስፒታል ያደረጋችሁት ተቀባይነት የለውም። ሰርተፍኬቱ የሚያገለግለው ስድስት ወር ስለሆነ ቶሎ አታስደርጓት፤ የገቢው ወረቀት ሲሟላ ትሂድ። አሻራ በምትሰጥበት ማዕከል ስካን እናድርግላችሁ ብለው ተጨማሪ ያስከፍላሉ፤ ሰነዶቹን ቤት ሆናችሁ በነጻ መጫን ትችላላችሁ። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ 12 ሳምንት ነው። ስለዚህ የትኬቱን ነገር ቪዛው ከወጣ በኋላ አስቡበት፤ ለገና ዋጋው ስለሚወደድ ቀድመን እንቁረጥ የምትሉትን ጨምሮ።