የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል፣ ፊቷ ግን አይመጣልኝም

ጥያቄ፦ የማታ ተማሪ

እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆነ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስባት፣ ስሜን አቆላምጣ ስትጠራኝና የመጨረሻዋን ፊደል ረዘም አድርጋ ስትስባት ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማኛል፤ የምትቆላው ቡና ሽታም ለአፍታ ውል ይለኝና ይጠፋል። ፊቷን ለማየት ስሞክር ግን ከጨለማ በቀር የማገኘው ነገር የለም። አገጯ ላይ ንቅሳት እንደነበራት፣ ስትስቅ ቀኝ ጉንጯ ሰርጎድ ይል እንደነበር አውቃለሁ፤ ፎቶዋን ካየሁም ወዲያው እለያታለሁ። ምስሏ ግን በሐሳቤ አይመጣም። ታናሽ እህቴ «ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ያህል ትታየኛለች» ስትለኝ፣ እኔ ብቻዬን የረሳኋት እየመሰለኝ እንቅልፍ አጣለሁ። አንጎል በሌለ ነገር ላይ ድምፅን፣ ሽታንና መልክን የሚፈጥረው እንዴት ነው? አንዱ እየመጣ ሌላው የሚቀረውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ የነርቭ ሥርዓት መምህር

አልረሷትም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የረሳ ሰው ጉንጯ የሚሰረጎደው በየትኛው በኩል እንደሆነ አይነግረንም።

አንድን ሰው በዓይናችን ስናይ መልእክቱ ከዓይን ተነሥቶ፣ ታላመስ በሚባለው መልእክት አስተላላፊ የአንጎል ክፍል በኩል አልፎ፣ በራስ ቅል ውስጥ በስተኋላ ወዳለው የእይታ ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ክፍል) ይደርሳል፤ እዚያ መስመርና ጠርዝ ከተለየ በኋላ ወደ ፊት እየተጓዘ ቅርጽ፣ ከዚያም መልክ፣ በመጨረሻም «እናቴ ናት» የሚል ዕውቀት ይሆናል። በሐሳብ ስናይ ጉዞው በአብዛኛው የኋልዮሽ ነው፤ ትእዛዙ ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ይነሣል፣ ትዝታ ያከማቸውን ያቀብላል፣ የእይታ ክፍሎችም ከዓይን ምንም ሳይደርሳቸው ይቀሰቀሳሉ። ይህ ወደ ኋላ የሚወርደው መልእክት ከዓይን ከሚመጣው ይልቅ ደካማ ነው፤ ጥንካሬውም ከሰው ሰው ይለያያል።

ድምፅ ደግሞ በራሱ ቤት እንዲሁ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ለሰዎች የአንጎልን ሥራ በሚያነሣ የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ የሚያውቋቸውን ዘፈኖች እያሰሙ በየመሐሉ ለጥቂት ሰከንዶች ድምፁን ይቆርጡት ነበር። ሰዎቹ ዘፈኑ በሐሳባቸው መቀጠሉን ተናገሩ፤ የመስማት ኮርቴክሳቸውም በዚያ ዝምታ ውስጥ ሥራውን አላቋረጠም። እንግዲህ አንጎል ውስጥ ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የምናብ ጓዳ የለም፤ እያንዳንዱ የስሜት ሕዋስ በኖረበት ክፍል ይታሰባል። የእርስዎ የድምፅ መንገድ ክፍት ሆኖ የመልክ መንገድ ቢቀጥን የሚያስገርም አይደለም።

ሁኔታው ስምም አለው። በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የነርቭ ሐኪም አዳም ዜማን፣ ከልብ ሕክምና በኋላ ምናባዊ እይታውን ስላጣ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2010 ጽፈው ነበር። ታሪኩ በመጽሔት ሲወጣ 21 ሰዎች «እኛ ከተወለድን ጀምሮ እንዲህ ነን» ብለው ጻፉላቸው፤ ዜማንም እ.ኤ.አ. በ2015 ሁኔታውን አፋንታዚያ ብለው ሰየሙት። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በሕልማቸው ያያሉ፤ ከፊሎቹ ድምፅም ሽታም አይመጣላቸውም፣ ሌሎቹ ግን እንደ እርስዎ መልክ ብቻ ይጎድላቸዋል።

የአነጋገር ልዩነት ብቻ ነው ብለው እንዳይጠራጠሩ አንድ ነገር ልጨምር። የብዙ ሰው የዓይን ብሌን ብሩህ ነገር በማሰብ ብቻ ይጠባል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ጥናት አፋንታዚያ ያላቸው ሰዎች ብሌን እውነተኛ ብርሃን ሲያይ እንደማንኛውም ሰው ጠብቦ፣ ብርሃን ሲታሰብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

መልስ፦ ቡና ቀማሽ

እኔ ስለ ሽታው ልናገር፤ ሥራዬ ነውና። ቅምሻ ላይ ትናንት የቀመስኩትን ቡና ከዛሬው ጋር ለማነጻጸር ስሞክር፣ ሳላስበው በአፍንጫዬ አየር እስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙትም ይህንኑ ነው፤ ሰዎች ሽታን ሲያስቡ በእውን እንደሚያሸቱ ሁሉ ያሸታሉ፣ ደስ የሚል ሽታ ሲያስቡ ደግሞ መጥፎ ከሚያስቡበት ጊዜ ይልቅ ጠለቅ አድርገው ይስባሉ። ማሽተት ሲከለከሉ የሚያስቡት ሽታ ይደበዝዛል። ስለዚህ የእናትዎን ቡና ሲያስቡ ትንፋሽዎን ይዘው አይቀመጡ፤ በቀስታ ይሳቡት።

መልስ፦ የዜማ ልጅ

መምህሩ ያሉት ከልጅነቴ ጋር ገጠመልኝ። ድጓ ስማር ቃሉን ከማውጣቴ በፊት የየኔታ ድምፅ፣ ከነመወርወሪያውና ከነመመለሻው፣ በውስጤ ይቀድመኝ ነበር። ልዩነቱ የእኔ ድምፅ ብቻውን አለመምጣቱ ነው፤ ጉሮሮዬ እንደሚዜም ሰው ይዘጋጃል፣ መቋሚያ ባልያዝኩበት ጊዜ እንኳ እጄ ምቱን ይከተላል። ለእኔ መስማትና መንቀሳቀስ አይነጣጠሉም። መምህር፣ እያንዳንዱ በየክፍሉ ነው ያሉት እዚህ ላይ ትንሽ ጠቦብኛል።

መልስ፦ የነርቭ ሥርዓት መምህር

ትክክል ነዎት፣ አጥብቤዋለሁ። በልባችን ስንዘምር ከመስማት ኮርቴክስ ጋር እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎል ክፍልም ይሠራል። ክፍሎቹ የተለያዩ ቢሆኑም ሲሠሩ ይጠራራሉ።

ምላሽ፦ የማታ ተማሪ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እንደተባለው አየሩን ቀስ ብዬ ስቤ ሞከርኩ፤ ቡናው ከወትሮው ቆየልኝ፣ ፊቷ አልመጣም። ከዚያ ለእህቴ ደውዬ የእናታችን ድምፅ ይሰማት እንደሆነ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ «ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ድምፅዋ ከጠፋኝ ቆይቷል» አለችኝ። ስልኬ ላይ የቀረ አንድ የድምፅ መልእክቷ ነበረኝ፤ እሱን ላክሁላት።