በሽታው ተደበቀ፣ መድኃኒቱ ግን ይናገራል

አዲስ አበባ ላለ አንድ ክሊኒክ የታካሚ መረጃ ሲስተም እሠራለሁ። ሪፈር ሲጻፍ የታካሚው መረጃ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል ይሄዳል። ሰርቨሩ ሃፒ ፋየር ነው፤ ፋየር የጤና መረጃ መለዋወጫ መስፈርት ነው (የምንጠቀመው ስሪት አር4)፣ ሃፒ ደግሞ እሱን የሚያስኬደው ሶፍትዌር።

ፈቃድ የምንቀበለው ታብሌት ላይ ነው። ነርሷ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ለታካሚው ታነብለታለች፣ እሱ ይመርጣል፣ ይፈርማል። ምርጫው «ኮንሰንት» በሚባለው የፋየር መዝገብ ይቀመጣል። እስከዚህ ደህና ነው።

ባለፈው ሳምንት በሙከራ መረጃ ፈተሽኩት። የሙከራው ታካሚ የኤችአይቪ መረጃው እንዳይላክ ከልክሏል። ሃፒ የተቀመጠውን ፈቃድ በራሱ አያስፈጽምም፤ ስለዚህ የኮንሰንት ኢንተርሴፕተር (መረጃው ከመውጣቱ በፊት ፈቃዱን አይቶ የሚያጣራ ፕሮግራም) ጻፍኩና በበሽታው ኮድ አጣራሁ። የበሽታው ስም ጠፋ። የመድኃኒት ዝርዝሩ ላይ ግን ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ቁጭ ብሏል፣ ላብራቶሪው ላይ ደግሞ ቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን)። ማንኛውም ሐኪም አይቶ ይረዳዋል። እውነተኛ ሰው ቢሆን ኖሮ አምኖን የነገረንን ሚስጥር አውጥተንበት ነበር። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቀጥሎ መድኃኒቶቹንና ምርመራዎቹን በስም ዝርዝር ከለከልኩ። አዲስ መድኃኒት ሲገባ ዝርዝሩ ያመልጠዋል። ሐኪሙ በነጻ ጽሑፍ የጻፈው ማስታወሻ ደግሞ ጨርሶ አይያዝም፤ «ኤአርቲ ላይ ነው» (የኤችአይቪ መድኃኒት ይወስዳል ማለት ነው) የሚል አንድ መስመር ሁሉን ያበላሸዋል። ማስታወሻውን በሙሉ እንዳልከለክል ተቀባዩ ሐኪም የአለርጂና የቀዶ ጥገና ታሪክ ያጣል።

ፋየር ላይ የሚስጥራዊነት መለያ መለጠፍ እንደሚቻል አውቃለሁ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሠራችሁ፣ መለያውን የምትለጥፉት መረጃው ሲመዘገብ ነው ወይስ ሊላክ ሲል?